ሐረር ማደር ወይስ ድሬዳዋ? በታኅሣሥና በጥር ሙዚየም ለማየትና ቀለል ያለ ገበታ ለመቅመስ ለሚመጡ

ኅዳር ሲጋመስ ስልኬ መደወል ይጀምራል። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ፣ የእነርሱ ጓደኞች፣ አንዳንዴም ጨርሶ የማላውቃቸው ሰዎች ተመሳሳይ ጥያቄ ያቀርቡልኛል፦ «ሦስት አራት ቀን ፈቃድ አግኝተናል፤ ሐረር እንደር ወይስ ድሬዳዋ?» ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግሁ፣ ለሥራም ብዙ ዓመት ሐረር የተመላለስኩ ሰው ነኝ። ሁለቱንም ከተሞች እወዳቸዋለሁ። ስለምወዳቸውም «ሁለቱም ጥሩ ናቸው» ብዬ መሸኘት አልፈልግም፤ ሻንጣውን ይዞ ለሚጠብቅ ሰው እንዲህ ያለው መልስ ምንም አይፈይድለትም።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። አንድ ሌሊት ብቻ ካለዎት ሐረር ይደሩ። ሁለት ካለዎትም ሐረር። ሦስት ከሆነ ሁለቱን ሐረር፣ የመጨረሻውን ድሬዳዋ ያድርጉት። ሕፃናት ወይም ጉልበታቸው የደከመ አረጋውያን አብረዎት ካሉ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ድሬዳዋ እያደሩ ሐረርን በቀን ጉዞ ይዩት። ሙዚየሞቹ ሐረር ናቸው፤ የምሽቱ ገበታ ደግሞ ድሬዳዋ ይሞቃል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 54 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ አንዱን መርጦ ሌላውን መተው የሚያስገድድ ነገር የለም። ጥያቄው ማለዳዎን የት፣ ምሽትዎን የት ማሳለፍ እንደሚፈልጉ ነው።

ወሩንና ቀኑን መምረጥ

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ይህ የሰባት መቶ ሜትር ልዩነት በሰውነት ላይ በደንብ ይታወቃል። በግንቦትና በሰኔ ድሬዳዋ የመጣ እንግዳ ቀትር ላይ ከጥላ ወጥቶ መራመድ ይከብደዋል። በታኅሣሥና በጥር ግን ፀሐይዋ ትለዝባለች፣ ማታ ነፋስ ይነሳል፣ ነዋሪው ሁሉ ወንበር አውጥቶ ደጅ ይቀመጣል። ሐረር በእነዚሁ ወራት ቀኑ ብሩህ ነው፤ ፀሐይ እንደጠለቀች ግን ብርዱ ይጫናል። ጃኬት ወይም ወፈር ያለ ነጠላ ሳይዙ ሐረር አይደሩ። በአንድ ሻንጣ ለሁለት አየር መዘጋጀት ግድ ነው።

ከወሩ ይልቅ ቀኑን መምረጥ ይበልጥ ያስፈልጋል። ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው። ራስ መኮንን ከዓድዋ ድል በኋላ ባሠሩት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ከመላው አገሪቱ የሚመጣው ምዕመን ብዛት በቃል የሚገለጽ አይደለም። ቁልቢ ከድሬዳዋም ከሐረርም ሩቅ ባለመሆኑ በዚያ ሳምንት የሁለቱም ከተሞች አልጋ ይያዛል፣ ዋጋው ይወጣል፣ መኪና ማግኘትም ይቸግራል። ለስለት የሚመጡ ከሆነ ችግሩን ያውቁታል፤ ችግሩም የጉዞው በረከት ነው። ለሙዚየም የሚመጡ ከሆነ ግን ከታኅሣሥ 16 እስከ 21 ያለውን ጊዜ ይለፉት። ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ በዓላቱን ማየት የሚፈልግ ይምጣ እንጂ በእነዚህ ቀናት የሙዚየም በር ይከፈታል ብሎ መተማመን አይቻልም። እኔ ለእንግዶቼ የምመርጥላቸው ከጥር 13 በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። ጾመ ነቢያት ተፈትቷል፣ የበዓሉ ሕዝብ ተበትኗል፣ አየሩ ገና አልሞቀም።

አንድ ነገር ልጨምር። ረመዳን በየዓመቱ አሥር ወይም አሥራ አንድ ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ ወደ እነዚህ ወራት እየቀረበ ነው። ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት መቼ እንደሚገባ ያጣሩ። በረመዳን ቀን ላይ አብዛኞቹ ትናንሽ ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ማታ ደግሞ ሁለቱም ከተሞች በዓመቱ ውስጥ ከሚያዩት ሁሉ የላቀ ገበታ ያቀርባሉ። ቀኑን በሙዚየም፣ ማታውን በገበታ ለማሳለፍ ለተዘጋጀ ሰው ጊዜው እንዲያውም ይመቸዋል። ምሳውን ውጭ ለመብላት ላሰበ ግን አይመችም።

ከሐረር ሙዚየሞች የትኛው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስቴ ከአዲስ አበባ መጥታ በአንድ ቀን ሦስት ሙዚየም አስጎበኘኋት። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ደረጃ ላይ ተቀመጠችና «አንተው እይልኝ» አለችኝ። ከወራት በኋላ ምን እንዳየች ስጠይቃት ያስታወሰችው ደረጃዎቹንና በአንደኛው ቤት ያየችውን ባለቀለም መስታወት ነበር። ከዚያ ወዲህ ለማንም ሰው በቀን ከአንድ በላይ፣ ቢበዛ ከሁለት በላይ አልመክርም። ስለዚህ መምረጥ ያስፈልጋል።

አንድ ብቻ ማየት የሚችል ሰው የሸሪፍ ሙዚየምን ይይ። የሚገኘው ጀጎል በሚባለው፣ ግንብ በከበበው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ በተለምዶ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ ነው። ቤቱን ያሠራው ህንዳዊ ነጋዴ እንደነበር ይነገራል፤ ራስ ተፈሪ የጫጉላ ጊዜያቸውን ያሳለፉበት በመሆኑ ስማቸውን ይዞ ቀረ። ውስጡ ያለው ስብስብ አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ከራሳቸው ቤት ጀምረው፣ ከየቤተሰቡ እየለመኑና እየገዙ ያከማቹት ነው። በእጅ የተጻፉ ቁርዓኖችና ሌሎች መጻሕፍት፣ የሐረር አሚሮች ያስመቷቸው ሳንቲሞች፣ የብር ጌጣጌጦች፣ ጎራዴዎች፣ የሙሽራ ልብሶች፣ አሮጌ የድምፅ ቅጂዎች አሉ። ይህን ሁሉ አንድ ሰው በዕድሜው መሰብሰቡን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። ከተማው ሀብቱን እየሸጠና እየጣለ በነበረበት ጊዜ አንድ ሰው ቆሞ መልሶ ለቅሞታል።

እንግዳ ብዙ ጊዜ በጎራዴዎቹ ዘንድ ይቆማል። እኔ የምለምነው ሳንቲሞቹ ዘንድ እንዲቆም ነው። ትንንሽ ናቸው፤ ዓይን አይስቡም። ነገር ግን ሐረር የራሷን ገንዘብ የምታስመታ፣ ከዘይላ ወደብ በኩል ከባሕር ማዶ ጋር የምትነግድ፣ ግብፆች ከያዟት አሥር ዓመታት በቀር እስከ እ.ኤ.አ. 1887 የጨለንቆ ጦርነት ድረስ በአሚር የምትተዳደር ከተማ እንደነበረች በመጽሐፍ ከሚነበበው ይልቅ እነዚህ ሳንቲሞች በግልጽ ያሳያሉ። ከዚያ በኋላ ወደ መጻሕፍቱ ይሂዱ። የቆዳ ሽፋናቸውን፣ የሕዳጉን ጽሑፍ፣ የወረቀቱን ዓይነት አስጎብኚው እንዲያስረዳዎት ይጠይቁ። ሐረር የመጻሕፍት ጥረዛ ጥበብ ከተማም ነበረች። ለዚህ ቤት ሁለት ሰዓት ያህል ይስጡ፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ ይቅርብዎት እላለሁ።

ሁለተኛው የራምቦ ቤት ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ለንግድ ቤት ተቀጥሮ ሐረር ገባ። ግጥም መጻፍ ትቶ ነበር፤ እዚህ ቡናና ቆዳ ይነግድ፣ ፎቶግራፍ ያነሣ፣ በኋላም ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1891 ጉልበቱን ታምሞ በቃሬዛ ወደ ባሕር ዳርቻ ወረደ፤ በዚያው ዓመት ማርሴይ ላይ በ37 ዓመቱ ሞተ። ሕንፃው እርሱ የኖረበት እንዳልሆነ፣ ከእርሱ በኋላ እንደተሠራ የታሪክ ሰዎች ይስማማሉ። ይህን ሰምተው ቅር የሚላቸው እንግዶች አጋጥመውኛል። እኔ ቅር አይለኝም፤ የቤቱ ዋና ሀብት ሌላ ነውና። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት የድሮ ሐረር ፎቶግራፎች ናቸው፤ ከእነርሱም የእንጨት ሥራው፣ ባለቀለም መስታወቱ፣ የተሳለው ጣሪያና ከላይኛው ፎቅ የሚታየው የጀጎል ጣሪያ ሁሉ ይከተላሉ።

የሁለቱ ቤቶች ልዩነት እንግዲህ ይህ ነው። ሸሪፍ ዘንድ ዕቃ ያያሉ፤ ራምቦ ቤት ቦታ ያያሉ። ከዚህ የተነሣ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ራምቦ ቤትን በመጀመሪያው ቀን የጎበኘ ሰው ፎቶግራፎቹ የማያውቃቸው ሰዎችና የማያውቃቸው ግድግዳዎች ብቻ ይሆኑበታል። በሁለተኛው ቀን የሄደ ግን «ይህ ትናንት የቆምኩበት ፈረስ መጋላ አደባባይ ነው፣ ይህ በር ሸዋ በር ነው» እያለ ያያል። ስለዚህ ሁለት ማለዳ ካለዎት አንደኛውን ለሸሪፍ፣ ሁለተኛውን ለራምቦ ይስጡ። አንድ ማለዳ ብቻ ካለዎት ራምቦን ይተዉት። ፎቶግራፍ የሚወድና ፎቶ ማንሣት ሥራው የሆነ ሰው ብቻ ከዚህ ሕግ ውጪ ነው።

ሦስተኛው ኤረር በር አካባቢ የሚገኘው የባህል ማዕከል ነው። ዋናው ጠቃሚ ነገር የሐረሪ ቤት አሠራር እንዳለ መታየቱ ነው። ገብተው ሲቆሙ ፊት ለፊትዎ በተለያየ ከፍታ የተሠሩ መደቦች ያያሉ፤ ነደባ ይባላሉ፣ አምስት ናቸው። ማን የት እንደሚቀመጥ የተወሰነ ነው። አሚር ነደባ የሚባለው ለቤቱ ጌታና ለክቡር እንግዳ ሲሆን ጦር የሚሰካበት ቦታ አጠገቡ አለ። ግድግዳው ላይ ዕቃ የሚቀመጥባቸው አሥራ አንድ መስኮት መሰል ጉድጓዶች ተቦርቡረዋል። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ምንጣፍ ካዩ በዚያ ቤት ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ወለሉና መደቡ የሚቀባው ቀይ አፈር ደግሞ በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ እንደሆነ የከተማው ሰዎች ይናገራሉ። የተሰቀሉት ስፌቶች ጌጥ ይመስላሉ፤ እያንዳንዱ ግን ስምና አገልግሎት አለው፤ ሴቶቹ ሲያስረዱ መስማት ትልቅ ደስታ ነው።

እዚህ ላይ ምርጫው ከማደሪያዎ ጋር ይያያዛል። ጀጎል ውስጥ በእንግዳ ማረፊያነት የሚያገለግሉ የሐረሪ ቤተሰብ ቤቶች አሉ። በእነዚህ ቤቶች ጫማዎን አውልቀው ገብተው ነደባ ላይ ሻይ ከጠጡ የባህል ማዕከሉን ሳያዩት ቢቀሩ ብዙ አይቀርብዎትም፤ የሚያስረዳዎትም ባለቤቷ ራሷ ናት። ከግንቡ ውጪ ባለ ሆቴል የሚያድሩ ከሆነ ግን የባህል ማዕከሉን አይለፉት። የእኔን ልብ ከጠየቁኝ የሚኖርበትን ቤት እመርጣለሁ። ከማብሰያው በኩል የሚመጣው የዕጣን ጭስና የልጆቹ ድምፅ በሙዚየም አይገኝም። ክፍሎቹ ጥቂት ስለሆኑ ቀደም ብሎ መያዝ ያስፈልጋል፤ መታጠቢያ ቤቱም ብዙ ጊዜ የጋራ ነው። ይህ የሚከብድዎት ከሆነ ሆቴል ይያዙ።

ሙዚየሞቹ ሁሉ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፤ ማለዳን ይፈልጋሉ። ምሳ ሰዓት ይዘጋሉ፣ ዓርብ የምሳ ዕረፍቱ ይረዝማል፣ ከምሳ በኋላም ከተማው በሙሉ ይቀዘቅዛል። ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ያለውን ጊዜ ለሙዚየም ያድርጉ። ከሰዓት በኋላውን ለእግር ጉዞ። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መካነ መቃብሮች እንዳሉት ተጠቅሷል። ይህ ሁሉ በአንድ ግንብ ውስጥ ያለ ነው። መኪና ግርግር በሚባለው ጠባብ መንገድ የልብስ ስፌት መኪኖቹን ድምፅ እየሰሙ መውረድ፣ ግንቡን ያሠሩት የአሚር ኑር መካነ መቃብር ዘንድ መድረስ፣ ከዚያ በኤረር በር መውጣት በቂ ነው። ለመጀመሪያው ቀን ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ይያዙ፤ ዋጋውን ከመነሣትዎ በፊት ይስማሙ። በሁለተኛው ቀን ብቻዎን ይሂዱ። ቢጠፉም ግንቡ የትም አያስኬድዎትም።

ከግንቡ ውጪ ማታ ጅብ ሲመገብ ማየት የሚፈልግ ሐረር ማደር አለበት። ሲመሽ ወደ ድሬዳዋ በደንገጎ ቁልቁለት መውረድን ለማንም አልመክርም።

ድሬዳዋ፦ ባቡሩ

ድሬዳዋ በሙዚየም ከሐረር ጋር አትወዳደርም። ይህን የምለው የድሬዳዋ ልጅ ሆኜ ነው። ያላት ነገር ሌላ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልተቻለው ከግርጌው ቆመ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ ከተማዋ አብራ ተወለደች። በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ትባል ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ብዙው የአገሪቱ የውጭ ንግድ እዚህ ይራገፍ፣ ከዚህ በግመልና በበቅሎ ይጓዝ ነበር። ከዚራ የሚባለው ሰፈር ቀጥ ያሉ መንገዶቹና የዛፍ ጥላዎቹ ከዚያ ዘመን የቀሩ ናቸው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ የሚባለው ሰፈር ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ የከፊራ ገበያ ቅስት ቅስት በሮች የዚያ ወገን መለያ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ውጪ ነው። አሮጌው የባቡር ጣቢያ፣ ለገሃር፣ ግን ከዚራ ውስጥ እንዳለ አለ። በግቢው ያሉት የጥገና ክፍሎች፣ የቆሙት ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች ለእኔ ከየትኛውም የመስታወት ሣጥን ይበልጣሉ። የምድር ባቡር ሠራተኞች ፈረንሳይኛ እየተናገሩ ያሳደጉን አባቶች ናቸው፤ ከእነርሱ አንዱ ገጥሞ ካስጎበኘዎት ዕድለኛ ነዎት። ለመግባት ፈቃድ ይጠየቃል። አንድ ቀን ይፈቀዳል፣ ሌላ ቀን ኃላፊው የለም ይባላል። ስለዚህ የጉዞዎን ሁሉ ተስፋ እዚህ ላይ አይጣሉ። ማለዳ ሄደው ይጠይቁ፤ ካልሆነም ለገሃሩን ከውጭ አይተው በከዚራ ጥላ ሥር ይመለሱ።

መኪናና ማሽን የሚወድ ልጅ ካለዎት ከሐረር ሙዚየሞች ይልቅ ይህን ግቢ ያስታውሰዋል። ከከተማው ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ የድንጋይ ዘመን መሣሪያዎችና የሰው መንጋጋ አጥንት የተገኘበት ትልቅ ቦታ ነው፤ ሆኖም ዳገቱን መውጣትና የሚያውቅ ሰው መያዝ ይጠይቃል። ለዚህ ዓይነቱ ቀለል ያለ ጉዞ አላስገባውም።

ገበታው

በዚህ በኩል ሁለቱን ከተሞች ማነጻጸር ማለዳንና ማታን ማነጻጸር ነው።

የሐረር ማለዳ የፈጢራ ነው። ሊጡ በዘይት እየተለጠጠ እንደ ጨርቅ ይሳሳል፣ ይታጠፋል፣ እንቁላል ይገባበታል ወይም ማር ይፈስበታል። ድሬዳዋም ይሠራል፤ ድሬዎች የእኛ ይበልጣል እንላለን፣ ሐረሮችም የእኛ ይላሉ። በዚህ ክርክር ውስጥ መግባት አልፈልግም። ልብ ሊሉት የሚገባው ቤቱን ነው፤ ሊጡ በዓይንዎ ፊት የሚለጠጥበት ቤት ይግቡ፤ ከ4 ሰዓት በኋላ አይሂዱ። ፈጢራ ከምጣድ እንደወጣ ካልተበላ ይደርቃል፤ ተመልሶ የሞቀ ፈጢራ የቀመሰ ሰው ምግቡን ያለ ጥፋቱ ይጠላዋል። ፉልም እንዲሁ የጧት ነው። ሁለት ሰዎች ከሆናችሁ አንድ ፈጢራና አንድ ፉል አዝዛችሁ ተካፈሉ።

ለምሳ ሐረር ውስጥ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ፈረስ መጋላ አካባቢ ካሉት ትናንሽ ቤቶች አንዱ መግባት ነው፤ ሩዝ በሥጋ፣ ጥብስ፣ ሳምቡሳ ያገኛሉ፣ ቶሎም ይቀርባል። ሁለተኛው የሐረሪ ምግብ ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ ምግብ ቤት ገብተው የሚያዝዙት አይደለም። አብሽ ዋናው የሆነው ሑልበት መረቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ በእንግዳ ማረፊያ ቤት ወይም በአስጎብኚዎ በኩል ከአንድ ቀን በፊት ማዘዝ ያስፈልጋል። ዋጋው ከምግብ ቤቱ ይበልጣል። ሦስትና ከዚያ በላይ ለሆናችሁ ግን ከሙዚየሙ የማይተናነስ ነገር ነው፤ በሸሪፍ ሙዚየም በመስታወት ውስጥ ያያችሁት ሳህንና ስፌት ገበታ ላይ ወጥቶ ታዩታላችሁ። ብቻዎን ከመጡ ግን ሩዙን ይብሉ። ለአንድ ሰው ያን ያህል ማዘዝ ይባክናል።

መጠጡን አይርሱት። የሐረር ቡና ስሙ በዓለም የታወቀ ነው፤ አብቃዩ ገበሬ በየዕለቱ ከሚጠጣው ውስጥ ግን ቅጠሉና ገለባውም አሉበት። ቁቲ ከቡና ቅጠል ይፈላል፤ ሆጃ ከገለባው በወተት ይፈላል። በብርድ ማለዳ ሆጃ ከጠጡ በኋላ ጀጎልን መዞር ይቀልዎታል።

ሐረር ሲመሽ ግን ቶሎ ቤቱ ይገባል። ብርዱም አለ። ከ2 ሰዓት በኋላ ጀጎል ውስጥ ምርጫው ያንሳል፤ ከግንቡ ውጪ ወዳለው አዲሱ ከተማ ወጥተው ጥብስ መብላት ይኖርብዎታል። የሐረር ሰንጋ ስሙን ያተረፈው በከንቱ አይደለም፤ አርሶ አደሩ በቤቱ አስሮ በእጁ እያጎረሰ ያደለበው በሬ ነው፤ ሥጋ የሚወድ ሰው ቢያንስ አንድ እራት ለእርሱ ይስጥ።

ድሬዳዋ በተቃራኒው ሲመሽ ትነቃለች። ቀትር ላይ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ይጸዳል። ከ11 ሰዓት በኋላ ባጃጆቹ ይበዛሉ፣ ወንበሮቹ ወደ ደጅ ይወጣሉ፣ ባጂያ መጥበስ ይጀመራል። ባጂያ ከተፈጨ አተር ወይም ባቄላ ተጠብሶ በቃሪያ ዳጣ የሚበላ ነው፤ ቆመው ይበሉታል፣ ከዚያ ወደ ጭማቂ ቤት ይሄዳሉ፣ ከዚያ ወደ ጥብስ። የድሬ እራት እንዲህ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየተላለፉ የሚበላ ነው። አንድ ቤት ገብቶ ሁሉንም ማዘዝ የእንግዳ አመል ነው። ሙፎ የሚባለውን ቂጣ በሻይ፣ የግመል ወተት የገባበትን ሻይ ደግሞ መጋላ ወገን ይሞክሩ። የግመል ወተት ለለመደው ግሩም ነው፤ ሆዱ ላልለመደ ግን በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ስኒ ይበቃል፤ አውሮፕላን በሚሳፈሩበት ማለዳ ደግሞ አይጠጡት።

ሩዝ የምሳ ነው። ድስቱ ጧት ተጥዶ ለ6 ሰዓት ይደርሳል፤ ካለቀ አለቀ። ለእራት የሚቀርበው ብዙ ጊዜ የተረፈው ነውና ሩዝ ካማረዎት እስከ 7 ሰዓት ይድረሱ።

በጾመ ነቢያት፣ ማለትም ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ባለው ጊዜ ለሚመጣ ጿሚ ሁለቱም ከተሞች አያስቸግሩም። ብዙው ትንሽ ምግብ ቤት የሙስሊም ስለሆነ የጾም ዝርዝር ተጽፎ አይገኝም እንጂ ምግቡ አለ። ፉል ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል በዘይት፣ የምስር ሳምቡሳ፣ ባጂያ፣ ሙፎ በሻይ ሁሉ ይጾምበታል። «የጾም ነው የምፈልገው» ብለው ቢናገሩ ባለቤቱ ያውቀዋል፤ በዚህ አገር ጎረቤት የጎረቤቱን ጾም አብሮ ሲቆጥር ነው የኖረው። ሥጋ በሚበሉበት ጊዜም ልኳንዳዎች በመስቀልና በጨረቃ ምልክት ይለያሉ፤ የእርስዎን አይተው ይግቡ፤ ቡድኑ የተቀላቀለ ከሆነ ደግሞ ዓሣ ወይም ፉል ሁሉንም ያስማማል።

ማን የት ይደር

ባልና ሚስት ወይም ጓደኛሞች፣ መራመድ የሚችሉ፣ ማለዳ መነሣት የማይከብዳቸው ከሆኑ ሐረር፣ ከተቻለም ጀጎል ውስጥ። ከድሬዳዋ የሚመላለስ ሰው ሙዚየሞቹን አያጣም፤ በ1 ሰዓት ከተነሣ ከመከፈታቸው በፊት ይደርሳል። የሚያጣው ከአዛን በኋላ ጠባቡን መንገድ አቋርጠው ዳቦ ይዘው የሚመለሱትን ልጆች ማየት፣ ፀሐይዋ በኖራ ግድግዳው ላይ ስትወጣ መቆም ነው። ለእኔ ይህ ከአንድ ሙዚየም ይበልጣል።

ሕፃናትና አረጋውያን ያሉበት ቤተሰብ ድሬዳዋ። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ባጃጅ ከደጅ ያነሣል፣ ማታ አየሩ አይጎዳም፣ ልጁ ቢርበው ሦስት እርምጃ ላይ የሚበላ አለ። የጀጎል ኮረብታማ ድንጋይ መንገድ ለሚያነክሱ እናቶች አይሆንም። ሐረርን አንድ ቀን መኪና ተከራይተው ይሂዱ፣ ሸሪፍ ሙዚየምን ብቻ ይዩ፣ ምሳ በልተው በ8 ሰዓት ይመለሱ።

ብቻውን የሚጓዝ ሰው ምሽቱን ካሰበ ድሬዳዋ ይሻለዋል። ብቻ ቁጭ ብሎ ሰው ማየት የሚያስደስትበት ከተማ ነው፤ የማያውቁት ሰው አጠገብዎ ተቀምጦ ወሬ ይጀምራል።

ሦስት ሌሊት ላላቸው ቅደም ተከተሉን ላስረዳ። የአውሮፕላን ማረፊያው ድሬዳዋ ስለሆነ ብዙዎች መጀመሪያ ድሬ ያድራሉ። እኔ የምለው እንደወረዱ በቀጥታ ወደ ሐረር ይውጡ ነው። ሚኒባሱ ደንገጎን ወጥቶ፣ ሐረማያንና አወዳይን አልፎ ከአንድ ሰዓት ጥቂት በላይ ይወስዳል። ሁለቱን ማለዳ ለሙዚየም ይጠቀሙ፣ በሦስተኛው ቀን ምሳ በልተው ይውረዱ፣ የመጨረሻውን ማታ በከዚራ ያሳልፉ። እንዲህ ሲያደርጉ መንገዱ ላይ የሚያጋጥም መዘግየት የበረራ ቀንዎን አይነካም። ለቤተሰብ የሚወስዱትን ሐሉዋ የሚባል ጣፋጭ ከሐረር በሚወጡበት ማለዳ ይግዙ፤ ሲመዘን ቆመው ይዩ፤ በወረቀት ላይ ፌስታል እንዲደርቡበት ይጠይቁ። ድሬዳዋ ሲደርሱ በጥላ ያስቀምጡት፤ ሻንጣው ውስጥ ከልብስ ጋር ከገባ በታኅሣሥም ቢሆን ዘይቱ ያልፋል።